ከኋላ ወንበር የተሰማ ቤዝ

ሐዋሳ የሚገኝ የማውቀው አንድ ባንድ ቤዝ ጊታሪስቱ ታሞበት ለአንድ የቅዳሜ ምሽት ሠርግ እንድተካው ጠየቀኝ። የራሴ ጊታር ጥገና ላይ ስለነበር እዚያው በውሰት ሊያገኙልኝ ተስማማን፤ እኔም አንድ እሽግ አዲስ ክር ብቻ ይዤ ከአዲስ አበባ ተነሣሁ። መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለረጅም ጊዜ ሲመላለስብኝ የኖረውን ጥያቄ፣ ማለትም የምወዳቸው ቤዝ ተጫዋቾች ከሌላው የሚለዩት በምን እንደሆነ፣ በዚህ መንገድ ላይ በጆሮዬ ልፈትሸው አሰብሁ።

በሚኒባሱ የመጨረሻ ወንበር ተቀመጥሁ። ስፒከሩ ከመደገፊያው ጀርባ ስለነበር ዘፈኑ ጆሮዬ ከመድረሱ በፊት ቤዙ ወገቤን ይነካኝ ነበር። ሾፌሩ ከቢሾፍቱ ጀምሮ ያሰማን የሮሃ ባንድን ዘመን ዘፈኖች ነው። የባንዱ ቤዝ ተጫዋችና መሪ ጆቫኒ ሪኮ ነበር። የእኛ ቅኝቶች በአምስት ድምፅ የታነጹ ናቸው፤ ለምሳሌ ሙሉ ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ዘፈኑም ብዙ ጊዜ በአንድ መነሻ ድምፅ ዙሪያ ስለሚቆይ፣ ቤዝ ተጫዋቹ በየመስመሩ በሚቀያየር ኮርድ፣ ማለትም አንድ ላይ በሚሰሙ ድምፆች፣ ተደግፎ ጣዕም መፍጠር አይችልም፤ ያለው ሀብት ምቱ ብቻ ነው። ሪኮ ይህን ሀብት ያውቅበታል። በችክችካ ላይ አጭር ሐረግ ይጀምራል፤ ሐረጓ ከድራሙ ጋር አንድ ላይ ከመውደቅ ይልቅ ለድራሙ መልስ ትሰጣለች፤ ከዚያም ድምፃዊው እንደ ልቡ ሲያንቆረቁር እሱ ያችኑ ሐረግ ሳይሰለች ያዞራታል። ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ምስጋናውም እምብዛም ነው። በብዙዎቹ ካሴቶች ሽፋን ላይ የድምፃዊው ፎቶግራፍ ጎልቶ፣ የባንዱ ስም በግርጌ ተጽፎ ይገኛል፤ ቤዙን ማን እንደተጫወተው የሚያውቅ ግን የሚጠይቅ ሰው ብቻ ነው።

ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ከታጠፍን በኋላ ማዳመጫዬን አደረግሁና ወደ ጄምስ ጄመርሰን ተሻገርሁ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዲትሮይት ውስጥ ሞታውን በተባለው የሙዚቃ አሳታሚ ኩባንያ ስቱዲዮ የተቀረጹትን እጅግ ብዙ ዘፈኖች በቤዝ የተሸከመው ይህ ሰው ነው። የእሱም ዕጣ ከእኛዎቹ አልተለየም፤ ኩባንያው የአጃቢዎቹን ስም በሸክላ ሽፋን ላይ ማስፈር የጀመረው በ1971 ነበር። ጄመርሰን አስቀድሞ ኮንትራባስ፣ ማለትም ቆመው የሚጫወቱትን ትልቁን የእንጨት ቤዝ፣ ይጫወት ስለነበር ኤሌክትሪኩን ጊታርም በቀኝ እጁ አመልካች ጣት ብቻ ነበር የሚመታው፤ ባልደረቦቹ ያችን ጣት መንጠቆ ይሏት ነበር። የ1962 ሥሪት በሆነው ፌንደር ፕሪሲዥን ጊታሩ ላይ ወፍራምና ልሙጥ ክሮች ነበሩት፤ ካልተበጠሱበት አይቀይራቸውም። በክሮቹ መቆሚያ ሽፋን ሥር ደግሞ ድምፁን የሚያፍን ስፖንጅ ነበረ። የዚህ ሁሉ ውጤት አንድ ነው፤ ድምፁ ወፍሮ ይነሣል፣ ወዲያው ይሞታል። ስለዚህ በአንድ መስመር ውስጥ ብዙ ድምፅ ቢደረድር እንኳ አንዱ ሌላውን አያደፈርሰውም። መቂን እስክናልፍ አንድ ዘፈን አራት ጊዜ ደጋግሜ ሰማሁ፤ የገረመኝ የተጫወታቸው ድምፆች ሳይሆኑ እያንዳንዱን የሚቆርጥበት ቦታ ነበር።

ብዙዎቻችን ዛሬም ዝዋይ የምንላት ባቱ ላይ ለምሳ ስንቆም፣ ሐይቁ ላይ ያሉት ጀልባዎች አሜሪካዊውን ቤዝ ተጫዋች ጃኮ ፓስቶሪየስን አስታወሱኝ። ፓስቶሪየስ የጊታሩን ፍሬቶች፣ ማለትም አንገቱ ላይ ድምፆቹን የሚለዩትን የብረት ዘንጎች፣ ነቅሎ፣ ክሩ እንጨቱን እንዳይበላው ጀልባ በሚቀባበት ኢፖክሲ ለብጦት ነበር። ከዚያ ጊታር ያወጣው የሚዘምርና የሚንሸራተት ድምፅ በእውነት ድንቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1987 ሲሞት ዕድሜው 35 ዓመት ብቻ ነበር። ሆኖም ፍቅሬ ከሩቅ ነው። የእሱን ፍጥነት ተምረው ዝምታውን የተዉ ወጣቶች ብዙ አይቻለሁ፤ አንዱም እኔ ነበርሁ።

ሻሸመኔ ስንደርስ ምርጫዬ አስቀድሞ የታወቀ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ እ.ኤ.አ. በ1948 በሰጡት መሬት ላይ ራስ ተፈሪያውያን በሰፈሩባት ከተማ አልፎ አስተን ባሬትን አለመስማት ነውር ይመስለኛል። በ2024 ያረፈው ባሬት ከቦብ ማርሌ ጋር በዌይለርስ ባንድ ሲጫወት ድራሙን የሚመታው ወንድሙ ካርልተን ነበር። ዋን ድሮፕ በሚባለው የሬጌ ስልት የመጀመሪያው ምት ባዶ ይተዋል፤ የድራሙ ክብደት የሚያርፈው በሦስተኛው ላይ ነው። ባሬት ይህን ባዶ ቦታ ለመሙላት አይቸኩልም፤ ዜማ የሚመስል ሐረጉን ጀምሮ በመካከል ዝም ሲል ሰሚው የቀረውን በራሱ ውስጥ ይጨርሰዋል። የሚኒባሱ ረዳት የሻሸመኔን ወራጆች እየጠራ በሩን ሲደበድብ፣ ምቱ ልክ ባሬት በተወው ቦታ ላይ ገባና ብቻዬን ሣቅሁ።

ሐዋሳ የደረስሁት አመሻሽ ላይ ነው። የተዋስሁት ጊታር የአንድ አዛውንት ሙዚቀኛ ንብረት ሲሆን ክሮቹ ከማርጀታቸው የተነሣ ጠቁረው ነበር። ቀኑን ሙሉ ጄመርሰንን ሳደንቅ የዋልሁት ሰው፣ ሳላመነታ ነቅዬ ጥዬ አዲሶቹን አሰርሁ! በማግስቱ ግድግዳው ሁሉ በሚያስተጋባው የሠርግ አዳራሽ ውስጥ እያንዳንዱ ድምፅ እንደ ጣሳ ይጮህና አልሞት ይል ነበር። በሦስተኛው ዘፈን ላይ ድራም መቺው ፊቱን አኮማተረ። በዕረፍት ሰዓት ወደ ማእድ ቤት ሄጄ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ለመንሁ፤ ለሁለት ቆርጬ ግማሹን በክሮቹ መቆሚያ አጠገብ ሸጎጥሁት። ቀጥሎ የሲዳማ ጭፈራ ሲጀመር ድምፁ እንደ ከበሮ ደረቀ፤ እኔም የምመታውን በግማሽ ቀነስሁ። ድራም መቺው ሌሊቱን ሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ ዞሮ ራሱን ነቀነቀ።

እሑድ ጠዋት አሞራ ገደል የዓሣ ሾርባ እየጠጣን ጊታሩን ለባለቤቱ መለስሁ። ክሮቹን ሳላስፈቅድ መቀየሬን ተናግሬ ይቅርታ ጠየቅሁ። ከማኅደሩ አውጥተው አንዱን ክር በአውራ ጣታቸው መቱት፤ ስፖንጁንም አዩት።

«ይኼን ደግሞ ማን አስተማረህ?» አሉኝ።

ስፖንጁን ላወጣው እጄን ስዘረጋ ግን ጊታሩን ወደ ደረታቸው ሳብ አድርገው፣ «ተወው፣ እዚያው ይቆይ» አሉና ሾርባቸውን ቀጠሉ።