ሁለተኛው ቢልድ ለምን ይወድቃል?

ሐሙስ ማታ ደሴ ሆጤ እቤቴ ቡና ላይ ነበርኩ። ቶናው ተቀድቶ በረካው ሳይደርስ ስልኬ ጮኸ። ኮምቦልቻ ቢሮ ያለው ተለማማጃችን ነው፤ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የመጣ፣ እጁ ፈጣን፣ ልቡ ግን ቶሎ የሚደነግጥ ልጅ።

«እታለም፣ ጠዋት አረንጓዴ የነበረው ቢልድ አሁን ቀይ ሆነብኝ። ኮዱን አልነካሁትም፣ ወላሂ!»

«አብሽር። የሎጉን የመጨረሻ መስመር አንብብልኝ።»

«ፐርሚሽን ዲናይድ፣ ፈቃድ የለህም ይላል። የድሮውን ፎልደር ማጥፋት አልቻልኩም ነው የሚለው።»

ቢልድ የምንለው ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም መገንባትን ነው፤ ካለፈ አረንጓዴ፣ ከወደቀ ቀይ ይሆናል። ኮዱን እንዳልነካው አመንኩት። ይህ ስህተት ኮድ ሳይነካ የሚመጣ ነው። የመጀመሪያው ቢልድ ያልፋል፣ ሁለተኛው ይወድቃል፤ እኔንም ከዚህ በፊት ብዙ ሌሊት አሳድሮኛል። እዚህ አካባቢ ብቻቸውን ሰርቨር የሚያስተዳድሩ ልጆች እንዳሉ ስለማውቅ፣ ያደረግነውን በሙሉ እጽፈዋለሁ።

አራት ሰዎች ነን፤ ለጨርቃጨርቅ ሱቆች የዕቃ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር እንሠራለን። የቢልድ ሰርቨራችን ኮምቦልቻ ቢሮ ጠረጴዛ ሥር ያለ አንድ ኮምፒውተር ነው፤ ኡቡንቱ በሚባል የሊኑክስ ዓይነት ላይ ጄንኪንስ፣ ቢልዶችን በራሱ የሚያስኬድ ፕሮግራም፣ ተጭኖበታል። ኮዱ ሲገባ ጄንኪንስ ያወርደውና በዶከር ኮንቴነር፣ ማለትም ዶከር የሚባለው ፕሮግራም ለብቻው ለይቶ በሚያስነሳው የሥራ ቦታ፣ ውስጥ ይገነባዋል። ዓርብ በጠዋት ከደሴ ጉም ወጥቼ በሚኒባስ ቁልቁል ወረድኩ። እንደ ሁልጊዜው ደሴ የለበስኩትን ጃኬት ኮምቦልቻ ስደርስ በእጄ ይዤዋለሁ።

ኮምቦልቻ ውስጥ ኮንቴነር ሲባል ሰው የሚያስበው ደረቅ ወደቡን ነው። የግቢያችን ጥበቃም «ኮንቴነሩ የጻፈውን ማጥፋት አቃተን» ስንባባል ሰምተው «እሽጉ ተፈትቶ ነው እንዴ ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው ቀኑን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም፤ ነገሩ በትክክል እሱ ስለሆነ። የወደቡ ኮንቴነር ከታሸገ ወዲያ ውስጡ ያለው ውስጡ ይቀራል። የእኛን ኮንቴነር ግን ስናስነሳ የኮዱን ፎልደር ከውጭ ወደ ውስጥ እናገናኝለታለን። በዚያ በኩል እሽግ የለም። ውስጥ የተጻፈው ያው የኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ከነባለቤቱ ቁጥር።

የባለቤቱ ቁጥር ያልኩት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የችግሩ ሥር እዚህ ነው።

ቀበሌ ሄዳችሁ «የቤት ቁጥር 1000 የማን ነው?» ብትሉ መዝገቡ ይገለጣል። ሌላ ቀበሌ ሄዳችሁ ያንኑ ቁጥር ብትጠይቁ የሌላ ሰው ስም ይወጣል። ኮንቴነርና ኮምፒውተሩ እንደ ሁለት ቀበሌ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የራሳቸው የተጠቃሚዎች መዝገብ አላቸው። የኖድ (የጃቫስክሪፕት ማስሮጫው) ይፋዊ ምስል፣ ማለትም ኮንቴነሩ የሚነሳበት ዝግጁ ጥቅል፣ ውስጥ 1000 ‹ኖድ› የሚባል ተጠቃሚ ነው። ኡቡንቱ ላይ 1000 ብዙ ጊዜ ሲጫን መጀመሪያ የተከፈተው አካውንት ነው፤ በእኛ ማሽን እኔ ነኝ። የሊኑክስ ከርነል፣ የሥርዓቱ እምብርት፣ ደግሞ መዝገብ የሚባል ነገር አይገልጥም። ስም አያውቅም፤ ቁጥር ብቻ ያያል፣ ቁጥር ብቻ ያወዳድራል። ስሙን የሚያሳዩን ፋይል የሚዘረዝሩት ፕሮግራሞች ናቸው፣ እነሱም የሚያነቡት ያሉበትን ቀበሌ መዝገብ ነው። ስለዚህ ከውስጥ ሆናችሁ ያያችሁት ስም ከውጭ ስታዩት ሌላ ቢሆን አትደንግጡ፤ ‹ኤልኤስ›ን በ‹ኤል› እና በ‹ኤን› ምርጫ እዘዙት፣ ስሙን ትቶ ቁጥሩን ያወጣላችኋል።

አንድ ቁጥር ብቻ በየትም ቦታ ትርጉሙ አይለወጥም፤ 0 ሩት፣ ሁሉ የሚፈቀድለት ዋናው ተጠቃሚ፣ ነው። የዶከር ኮንቴነር ደግሞ ሌላ ካልተባለ፣ ምስሉም ሌላ ተጠቃሚ ካልወሰነለት፣ የሚሠራው በ0 ነው። በዶከር በተለመደው አቀማመጥ የኮንቴነሩ 0 የኮምፒውተሩ 0 ራሱ ነው።

አሁን የሐሙስን ነገር ተከተሉኝ። ልጁ ፓይፕላይኑ (የቢልዱ ደረጃዎች የተጻፉበት) ውስጥ ኮንቴነሩን በራሱ የሼል ትእዛዝ ነበር ያስነሳው። የመጀመሪያው ቢልድ በሩት ሮጠ፣ የተገነባውን ፎልደር በሩት ስም ፈጠረ፣ አረንጓዴ ሆነ። ሁለተኛው ሲጀመር ጄንኪንስ አሮጌውን ሊያጸዳ ሄደ። ጄንኪንስ በእኛ ማሽን 113 ነው። ሊኑክስ ፋይል ለመሰረዝ የሚጠይቀው የፋይሉን ፈቃድ ሳይሆን ፋይሉ ያለበትን ፎልደር የመጻፍ ፈቃድ ነው፤ ፎልደሩ የ0፣ ጠያቂው 113። እዚያው ላይ ቆመ።

ልጁ ሁለት ሐሳብ ይዞ ጠበቀኝ፤ ሁሉንም 777፣ ማለትም ለማንም ክፍት፣ እናድርገው፣ ወይም ጄንኪንስ ያለ ፓስወርድ ሱዶን፣ በሩት ሥልጣን ማዘዣውን፣ እንዲጠቀም እንፍቀድለት። ሁለቱንም እንቢ አልኩ፣ ድምፄም ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር። ከዓመታት በፊት ሌላ ቦታ ስሠራ ቢልዱ እንዲያልፍ ብቻ ፎልደሩን ከነልጆቹ 777 አደረግነው። ውስጡ የኤስኤስኤች፣ ከርቀት ወደ ሰርቨር መግቢያው፣ የግል ቁልፍ ነበረ። ኤስኤስኤች እንዲህ ለሁሉም የተከፈተ ቁልፍ አልቀበልም ብሎ ፕሮግራሙን ወደ ሰርቨር የማድረሱ ሥራ ቆመ፤ እኔም ቁልፉ ለማን ለማን ተነቦ እንደነበር ማወቅ ስላልቻልኩ ሁሉንም መቀየር ነበረብኝ። የሱዶው ደግሞ ይብሳል፤ ቢልድ ማለት እኮ ከኢንተርኔት የወረዱ የማናውቃቸውን ጥቅሎች ኮድ ማስሮጥ ነው። እውነቱን ለመናገር ዶከርን ማዘዝ እንዲችል ጄንኪንስን የዶከር ቡድን አባል ማድረጋችንም ራሱ ሩት እንደመስጠት ነው። ያን አውቄ የተሸከምኩት አደጋ ነው፤ ሌላ ልጨምርበት ግን አልፈለግሁም።

መጀመሪያ የተበላሸውን አጸዳን። ሩት የፈጠረውን ለማስተካከል ሱዶ አላስፈለገንም። ያንኑ ፎልደር ከትንሽ የአልፓይን (ቀለል ያለ የሊኑክስ ዓይነት) ኮንቴነር ጋር አገናኝተን፣ ውስጥ ሆኖ በ‹ቻውን› ባለቤትነቱን ወደ 113 እንዲመልስ አዘዝነው። በገባበት በር ወጣ።

ቀጥሎ ዋናው መፍትሔ፦ ኮንቴነሩ ሲነሳ ‹ዩ› በሚለው ምርጫ የጄንኪንስን የተጠቃሚና የቡድን ቁጥር ሰጠነው። ቁጥሩን በእጅ አልጻፍነውም፤ ‹አይዲ› የሚለውን ትእዛዝ ጠይቆ እዚያው እንዲወስድ አደረግን፣ ነገ ሰርቨር ብንቀይር 113 ሌላ ቁጥር ሊሆን ይችላልና። የጄንኪንስ የዶከር ፓይፕላይን ፕለጊን ይህን ራሱ ያደርጋል፤ በሼል ሲጻፍ ግን የሚያስታውሰው ሰው ነው።

ልጁ ደስ ብሎት አስጀመረው። ወደቀ። አሁን የኖድን ጥቅሎች የሚያወርደው ኤንፒኤም የሥሩ ፎልደር (ከሁሉም በላይ ያለው) ላይ የራሱን መሸጎጫ፣ የወረዱ ጥቅሎች ማስቀመጫውን፣ መፍጠር አልቻልኩም አለ። ፊቱ ሲጠቁር አይቼ «ይሄ እንኳን ጥሩ ዜና ነው፣ ስህተቱ ተለወጠ» አልኩት። 113 በኮንቴነሩ መዝገብ ውስጥ የለም። ስም የለውም፣ ቤትም የለውም፤ ስለዚህ ‹ሆም› የሚባለው፣ የተጠቃሚውን ቤት የሚይዘው ተለዋዋጭ የሥሩ ፎልደር ይሆናል፣ እዚያ ደግሞ መጻፍ የሚችለው ሩት ነው። ‹ሆም›ን ጄንኪንስ ወደሚጽፍበት ፎልደር አዞርነው።

እንደገና ወደቀ! ይሄኛው እኔንም ለሃያ ደቂቃ ያህል አንከራተተኝ። የኤንፒኤምን መሸጎጫ በየቢልዱ እንዳናወርደው ለብቻው ፎልደር አዘጋጅተን ነበር፤ በዚህ ዳታ በየቀኑ እነዚያን ጥቅሎች ማውረድ ገንዘብም ጊዜም ነው። ፎልደሩን ግን ማንም ቀድሞ አልፈጠረውም። ዶከር በ‹ቪ› ምርጫ የሌለ ፎልደር እንዲያገናኝ ሲታዘዝ ዝም ብሎ ራሱ ይፈጥረዋል፣ የሚፈጥረውም በሩት ስም ነው። ዝምታው ነው ያናደደኝ። ‹ማውንት› በሚለው ምርጫ ቢጻፍ ኖሮ ፎልደሩ የለም ብሎ በግልጽ ይቆም ነበር። ወደ እሱ ቀየርን፣ ከእሱም በፊት ፎልደሩን ጄንኪንስ ራሱ እንዲፈጥር አንድ መስመር ጨመርን።

በመንገዳችን ሁለት ትንንሽ ነገሮች አገኘን። አንዱ የስህተት ቁጥር 126 ብሎ የወጣ ስክሪፕት ነው። 127 ቢሆን ትእዛዙ አልተገኘም ማለት ነበር፤ 126 ግን ተገኝቷል፣ መሮጥ ግን አልተፈቀደለትም ማለት ነው። የጻፈችው ባልደረባችን ዊንዶውስ ላይ ስለምትሠራ የመሮጥ ፈቃዱ ጊት (የኮዱን ለውጦች የሚመዘግበው ፕሮግራም) ውስጥ አልተመዘገበም ነበር፤ ጊት ላይ አስመዘገብነው። ሌላው ጊት ራሱ ኮንቴነር ውስጥ ‹ባለቤትነቱ አጠራጣሪ ነው› ማለቱ ነው። ከሚያዝያ 2022 እ.ኤ.አ. ከወጣው 2.35.2 ጀምሮ ጊት የሌላ ተጠቃሚ በሆነ ፎልደር ውስጥ ለመሥራት እንቢ ይላል። ብዙ ሰው ሁሉንም ፎልደር እመን ብሎ ያልፈዋል። እኛ ቁጥሮቹን ካስተካከልን በኋላ ግን ማስጠንቀቂያው በራሱ ጠፋ።

የራሳችንን ምስል የምንገነባበትን ዶከርፋይልም አየሁት። ከላይ ‹ዩዘር› ተብሎ ተራ ተጠቃሚ ተመርጧል፣ ከታች ፋይሎች በ‹ኮፒ› ይገባሉ። ልጁ ፋይሎቹ የዚያ ተጠቃሚ የሚሆኑ መስሎት ነበር። አይሆኑም፤ ‹ኮፒ› ባለቤቱ ካልተነገረው ሁልጊዜ በ0 ነው የሚያስገባው። እሱን ለማረም ከሥር ሌላ መስመር ጨምሮ ሁሉንም ‹ቻውን› ያደርግ ነበር፣ ያም እያንዳንዱን ፋይል በአዲስ ንብርብር ደግሞ ስለሚጽፈው ምስሉን በከንቱ ያሳብጠዋል። ባለቤቱን እዚያው ‹ኮፒ› መስመር ላይ አስጻፍኩት።

ከሰዓት በኋላ ቢልዱ አረንጓዴ ሆነ። ልጁ ቦርሳውን አነሳ። «ቆይ፣ ድገመው» አልኩት። ደገመው። ጽዳቱ አለፈ፣ መሸጎጫው ተገኘ፣ ግንባታው አለፈ። ፎልደሩን በቁጥር ዘረዘርነው፤ ከላይ እስከ ታች 113፣ አንድም 0 የለም።

ከዚያን ቀን ወዲህ አዲስ ፓይፕላይን ዋናው ቅርንጫፍ ላይ ከመግባቱ በፊት ምንም ሳይነካ ሁለት ጊዜ እናስሮጠዋለን። የቀረኝ የዶከር ቡድኑ ጉዳይ ነው። የኮንቴነሩ ሩት ከውጭ ሲታይ ተራ ተጠቃሚ የሚሆንበትን፣ ያለ ሩት የሚሠራ ዶከር በሚቀጥለው ሳምንት አሮጌ ላፕቶፕ ላይ እሞክረዋለሁ። ልጁም አብሬሽ ካልሆንኩ ብሏል።