ዱቄቱ ለምን አልሠራም?

ግሪንሃውስ ውስጥ ቲማቲም ማምረት ስጀምር ትልቁ ስህተቴ ማዳበሪያ ማብዛት ነበር። በየዙሩ ፎስፎረስ የበዛበትን ዳፕ እጨምራለሁ፣ ተክሉ ገርጣ ካለ ደግሞ ዩሪያ። በዚህ ላይ ማይኮራይዛ የሚባለውን ጠቃሚ ፈንገስ በዱቄት መልክ ገዝቼ ስተክል ችግኙ ሥር ነሰነስኩ። ምንም ለውጥ የለም። ተሸወድኩ ብዬ ሻጩን ረገምኩት።

ነገሩ የገባኝ አፈሩን ካስመረመርኩ በኋላ ነው። ፎስፎረሱ ሞልቶ ተርፏል። ፎስፎረስ አፈር ውስጥ ብዙም አይንቀሳቀስም፤ ሥሩ አጠገቡ ያለውን ከጨረሰ የራቀውን የሚያመጣለት ይፈልጋል። ማይኮራይዛ ከፀጉር በቀጠኑ ክሮቹ ሥሩ የማይደርስበት ሄዶ ያመጣለታል፣ ተክሉም በቅጠሉ ከሠራው ስኳር ይከፍለዋል። ደጁ ላይ ተከምሮለት ግን ለተላላኪ ለምን ይከፍላል? በሩን ይዘጋበታል። ሻጩ ምን አጠፋ!

ግሪንሃውስ ደግሞ ዝናብ አያውቅም። ሜዳ ላይ ቢሆን ዝናቡ ትርፉን ጨው ወደ ታች ያጥበዋል፣ እዚህ ግን ውሃው ይተንና ጨው ላዩ ላይ ይቀራል። አንድ ጠዋት በጠብታ መስኖው ቱቦ ዳር ነጭ ነገር አየሁ፤ ሻጋታ መስሎኝ በጣቴ ባሸው እንደ ደቃቅ አሸዋ ሻከረኝ። ጨው ነው። ሻጋታ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

በዚህ አላበቃም። ዩሪያና ዳፕ የሚሰጡት አሞኒየም ወደ ናይትሬት ሲለወጥ አፈሩን አሲዳማ ያደርገዋል። የእኔ አፈር ፒኤች (የአሲድ መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) 5.2 ደርሶ ነበር፣ ይሄ ደግሞ ተክል ለሚያጠወልገው ፉዛሪየም ለሚባል ፈንገስ ሰርግና ምላሽ ነው። የታችኞቹ ቅጠሎች በአንድ ወገን ብቻ ቢጫ ሆኑ። ግንዱን በምላጭ ስሰነጥቀው ከልጣጩ ሥር ቡናማ መስመር ሽቅብ ሄዷል። ያንን ተክል ማዳን አይቻልም፣ ነቅዬ አወጣሁት።

አሁን ዳፕ አቁሜያለሁ። ፒኤቹን ወደ 6.5 ለመመለስ ኖራ ጨመርኩ፣ ናይትሮጅኑንም በናይትሬት መልክ መስጠት ጀመርኩ፣ በሁለት ሰብል መሃል ደግሞ ብዙ ውሃ ለቅቄ ጨውን አጠብኩት (ውሃው የሚወጣበት ከሌለ ይሄ ትርፉ ጭቃ ነው)። ኮምፖስትም ቢሆን በጭፍን አይደለም፤ ከፍግ የተሠራው ራሱ ፎስፎረስና ጨው ይዞ ይመጣል።

በነገራችን ላይ ጎመንና ቆስጣ ከማይኮራይዛ ጋር ጭራሽ አይወዳጁም። ይሄን ሳላውቅ የዱቄቱን ግማሽ ጎመን ላይ ጨርሼዋለሁ።