ላፊ ላይ የዋልንበት ቀን

ዛሬ ሳውዝ ካሮላይና፣ ፓትሪየትስ ፖይንት የቆመችውን ላፊ የተባለች ዲስትሮየር (ፈጣን የጦር መርከብ) ስናይ ዋልን። የኋላው ባለ 5 ኢንች መንታ መድፍ ጋ ስትደርሱ እባካችሁ ቶሎ አትለፉ።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 16 ቀን 1945 የጃፓኗ ኦኪናዋ ደሴት አጠገብ የሚመጡ የጠላት አውሮፕላኖችን በራዳር እየቃኘች ሳለች 22 ያህል የጃፓን አውሮፕላኖች ለ80 ደቂቃ ተረባረቡባት፤ 6 ካሚካዜ (አብራሪው ሆን ብሎ መርከብ ላይ የሚያላትመው አውሮፕላን) እና 4 ቦምብ መታት። እኔ ከሁሉ የከፋው የምለው ከኋላ የወደቀው ቦምብ ነው፤ አቅጣጫ የሚያስይዛት የኋላ መቅዘፊያ ወደ ግራ እንደዞረ ተቆልፎ ቀረ። ሞተሩ ይሠራል፣ እሷ ግን ክብ እየዞረች ነው የምትዋጋው! አዛዥዋ ኮማንደር ቤክተን አንድ መድፍ እስከተኮሰ ድረስ መርከቧን አልለቅም አለ። 32 ሞቱ፣ 71 ቆሰሉ። የኋላ ክፍሎቿ ውሃ ሞልተው፣ በሌላ መርከብ ተጎትታ ነው ከዚያ የወጣችው።