ጫፉ ላይ ጥሩ ፎቶ የለም

ራስ ዳሽን ጫፍ ላይ ያነሳኋቸውን ፎቶዎች ለሰው ሳሳይ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ይሄ የት ነው?» ወደ 4,550 ሜትር ከፍታ ነው። የአገራችን ከፍተኛው ቦታ ነው። ፎቶው ላይ ግን ድንጋይ አለ፣ ሰማይ አለ፣ በቃ። ከዚያ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ከሚለው የስሜን ተራሮች ገደል፣ ከእመት ጎጎ፣ ያነሳሁትን ሳሳይ ግን ስልኬን ተቀብለው ማስፋት ይጀምራሉ።

ምክንያቱን ለመረዳት ጊዜ ወስዶብኛል። ከፍ ባልክ ቁጥር ሌላው ሁሉ ዝቅ ይላል። ከላይ የታየ ተራራ ደግሞ ተራራ አይመስልም፤ ሜዳ ይመስላል። የራስ ዳሽን ጫፍ ላይ ቆመህ ዙሪያውን ስታይ ጭራሽ ማዶ ያለው ጫፍ የሚበልጥ ይመስልሃል። እዚያ ደርሶ «ትክክለኛው ይሄ ነው ወይስ ያኛው?» ብሎ ያልተከራከረ ሰው ያለ አይመስለኝም። ፌሬ እና ጋሊኒዬ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ መኮንኖች በ1841 (እንደ ፈረንጆቹ) እዚያ መውጣታቸው ተመዝግቧል። እነሱ ካሜራ አልያዙም፤ ብዙም አልቀረባቸውም።

ተራራ መውጣትና ፎቶ ማንሳት በባሕርያቸው አይስማሙም። መውጣት «ቶሎ በል፣ ጉሙ ሳይመጣ» ይላል። ፎቶ «ቆይ፣ ብርሃኑ ይምጣ» ይላል። አብሮኝ የወጣው ስካውት (የፓርኩ ታጣቂ አጃቢ) ይህን ከእኔ በፊት ያውቀው ነበር። ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ትራይፖዴን ስዘረጋ ያየኛል።

«ጋሼ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ።»

«ፀሐይዋ ነገም አለች ልጄ። እኛ ግን ሳይመሽ ውኃው ጋ መድረስ አለብን።»

አሁን የምሠራው በዚያ አባባል ነው። ጉዞ ላይ ከሆንኩ ጉዞ ላይ ነኝ፤ ካሜራው አንገቴ ላይ ነው፣ ያየሁትን ቆም ብዬ አንስቼ አልፋለሁ። ትራይፖዱ የሚወጣው ድንኳን ተክለን በምናድርበት ቦታ ነው፣ ማለዳና ማታ። ሁለቱን ከለየኋቸው ወዲህ እግሬም ፎቶዬም ተሻሽሏል።

ለጀማሪዎች ከየት እንደተነሳሁ ልናገር። እግሬን ያለማመድኩት እንጦጦ ላይ ነው። የቅዳሜና እሁድ ሃይኪንግ፣ ሌላ ምንም አይደለም። ካሜራዬን የለመድኩት ደግሞ መንዝ ጓሳ ላይ ነው። ስሜንን ከማሰባችሁ በፊት ጓሳ ሂዱ። ከአዲስ አበባ በመኪና በአንድ ቀን ይደረሳል፤ ከፍታው ከ3,200 ሜትር ይጀምራል፤ ጭላዳ አለ፣ ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል አለ፣ ዕድል ካላችሁ ቀይ ቀበሮም ታያላችሁ። ሣሩን የአካባቢው ሰው ራሱ ቄሮ በሚባለው ሥርዓት ለዘመናት ጠብቆ ያቆየው ነው። ገደሉ እንደ ስሜን አያስደነግጥም፤ ግን ብርዱ ያው ነው፣ ንፋሱም ያው ነው። ዕቃችሁ ምን እንደሚጎድለው እዚያ ይታወቃል።

ስሜን ላይ መሰላሉ ራሱ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። ደባርቅ 2,800 ሜትር አካባቢ ናት። ሳንቃ በር 3,250፣ ጊጭ 3,600፣ ጨነቅ 3,620። በእነዚህ ላይ እያደሩ የሄደ ሰው ሰውነቱ አየሩን ይለምዳል። አዲስ አበባ መኖራችን ጥቅም አለው፤ ከባሕር ዳርቻ ከሚመጣ ቱሪስት እንሻላለን። ግን አትታለሉ። ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድሩበትን ቦታ በየቀኑ ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር የታወቀ ሕግ ነው። 4,500 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት የባሕር ወለሉን 60 በመቶ እንኳ አይሞላም። ራስ ምታት ከያዛችሁና ከተባሰ መድኃኒቱ መውረድ ነው። ፎቶው ይቅር።

ከራስ ምታቱ በፊት የሚመጣ ሌላ ነገር አለ፤ ጭንቅላት መፍዘዝ። እዚያ ከፍታ ላይ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ስንት ላይ እንዳለ ማሰብ ራሱ ሥራ ነው። ስለዚህ ማታ ድንኳን ውስጥ ሁሉንም አስተካክዬ ነው የምተኛው። ፋይሉ ራው (ጥሬ) ላይ፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ) ኤፍ 8፣ አይኤስኦ 200፣ ሜሞሪው ባዶ። ጠዋት የሚጠበቅብኝ ማብራትና መጫን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ብርሃኑ። ለእኔ ትልቁ ትምህርት ይሄ ነው፤ ብዙ ሰውም ሲያወራበት አልሰማሁም። የስሜን ታላቁ ገደል በአብዛኛው ወደ ሰሜን ነው የሚያየው። ከኅዳር እስከ ጥር፣ ማለትም ሁላችንም በምንሄድበት ወቅት፣ ፀሐይ በደቡብ በኩል ነው የምትዞረው። ስለዚህ ወደ ሰሜን ያዞረው ግድግዳ ቀኑን ሙሉ ጥላ ውስጥ ነው። ፎቶው ላይ ጥቁር ግድግዳና የነጣ ሰማይ ይወጣል፤ ካሜራ ቢቀየርም አይለወጥም።

መፍትሔው ግድግዳውን መተው ነው። ከገደሉ ወደ ውጭ የሚወጡትን አፍንጫዎች ፈልጉ። እነሱ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ የዞረ ጎን ስላላቸው ማለዳና ማታ ብርሃን ያገኛሉ። እመት ጎጎ የሚወደደውም ለዚህ ይመስለኛል፤ በሦስት በኩል ገደል ስላለ ከአንዱ ጎን ብርሃን ባይኖር ከሌላው ይኖራል። ሁለተኛው መንገድ ደግሞ ጥላውን መጠቀም ነው። ቆላው ላይ የቆሙትን ጉብታዎች በረጅም ሌንስ ጠጋ አድርጋችሁ አንሷቸው። ቅርቡ ጥቁር፣ ቀጣዩ ሰማያዊ፣ የራቀው ግራጫ እየሆነ ይደራረባል። እኔ እስካሁን ከወደድኳቸው ፎቶዎች አብዛኞቹ በሰፊ ሌንስ ሳይሆን በረጅሙ፣ በ200 ሚሊ ሜትር፣ የተነሱ ናቸው።

ሌላው ፍጥነቱ ነው። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው። ታኅሣሥ ላይ አልፕስ ተራሮች ላይ የሚያነሳ ሰው ወርቃማው ብርሃን ለረጅም ጊዜ ይቆይለታል፤ ፀሐይዋ አግድም እየተንሸራተተች ስለምትወጣ። ስሜን ላይ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፣ ከዚያ ብርሃኑ ይነጣል። ጥር ላይ ጀንበር የምትወጣው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ነው። 11 ተኩል ላይ በግንባር ባትሪ መንገድ ላይ መሆን አለባችሁ። በፈረንጆች ቪዲዮ ላይ የምታዩትን «ቡና አፍሉ፣ ብርሃኑን ጠብቁ» እርሱት።

ወቅት ከጠየቃችሁኝ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት። አየሩ ታጥቧል፣ መሬቱ አረንጓዴ ነው፣ መጀመሪያው ላይ ከደረሳችሁ አደይ አበባም አለ። ፀሐይም ያን ጊዜ ከምሥራቅ ብዙም ሳትርቅ ስለምትወጣ የአፍንጫዎቹን ጎን ትነካለች። ከየካቲት በኋላ አቧራና ጭጋግ ቆላውን ይሸፍነዋል። ጭቃው ግን መስከረም ላይ አለ፤ ጫማችሁን አስቡበት። የመንገዱን ሰላምም ከመነሳታችሁ በፊት ደባርቅና ጎንደር ላሉ ሰዎች ደውላችሁ ጠይቁ።

ጭላዳ የማይሳካለት ሰው የለም፤ ለዚያም ነው ሁሉም ፎቶ የሚመሳሰለው። ማታ ማታ ገደሉ ላይ ያድራሉ፣ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣሉ። ያኔ ቁጭ ብለው ይሞቃሉ፣ ይፋተጋሉ። ሣር በል ስለሆኑ ከሣሩ አይርቁም፤ መሮጥ አያስፈልግም። መንገዳቸው ፊት ቁጭ በሉ፣ ካሜራውን መሬት አስጠጉ፣ ራሳቸው ይመጣሉ። ከፀሐይ በተቃራኒ ሆናችሁ ስታነሱ የወንዱ ጎፈር ጫፍ ጫፉ ይበራል። ፊታቸው ጥቁር ስለሆነ ብርሃኑን ከፊት ላይ ለኩ፤ ካልሆነ ጥላ ብቻ ይቀራል። ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ሲያሳይ እየሳቀ አይደለም፤ ተረብሿል፣ ወይ ሌላውን እያስጠነቀቀ ነው። ብስኩት የሚሰጥ ሰው ካያችሁ ደግሞ ተቆጡልኝ።

ዋልያ ሌላ ታሪክ ነው። ከስሜን ውጪ ዓለም ላይ የትም የለም። ጨነቅ አካባቢ ማለዳ የማየት ዕድል አለ፤ ግን ገደል ላይ ነው፣ ሩቅ ነው፣ ቀለሙም ከድንጋዩ ጋር አንድ ነው። 300 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያንሳል። እኔ ትልቅ ሌንስ ስለሌለኝ ዋልያውን ትንሽ አድርጌ ገደሉን ትልቅ አድርጌ ነው የማነሳው። እውነቱን ለመናገር አሁን አሁን ይሄኛው ይበልጥብኛል። ቀንዱን ብቻ ሞልቶ ያወጣ ፎቶ የትም የተነሳ ሊመስል ይችላል።

የስፋት ነገር በአጠቃላይ እንደዚህ ነው። አምስት መቶ ሜትር የሚወርድ ገደል ፎቶ ላይ አምስት ሜትር ሊመስል ይችላል፤ ዓይን የሚለካበት ነገር ካላገኘ። የጂንባር ፏፏቴ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ወደ 500 ሜትር ይወርዳል፣ ፎቶው ላይ ግን ክር ነው። አንድ ሰው፣ አንድ በቅሎ፣ አንድ ጅብራ አስገቡ። ጅብራ ለዚህ የተፈጠረ ነው። ብዙ ዓመት ያድጋል፣ አንዴ ያብባል፣ ከዚያ ይደርቃል። የደረቀውም ግንዱ ለፎቶ ያምራል። ጉም ከመጣ ደግሞ አትማረሩ፤ ወደ ሳንቃ በር የአስታ ጫካ ውረዱ። ከቅርንጫፉ ላይ የተንጠለጠለው ሽበት የመሰለ ነገር በጉም ውስጥ እንጂ በፀሐይ አያምርም።

ብርድ። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ጠዋት ድንኳኑ ላይ አመዳይ ነው። ባትሪ በብርድ ይደክማል እንጂ አይሞትም፤ ኪስ ውስጥ ሲሞቅ ይመለሳል። እኔ ባትሪዎቼን ካልሲ ውስጥ አድርጌ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ይዣቸው ነው የማድረው። ከውጭ ወደ ሞቀ ክፍል ስትገቡ ካሜራውን መጀመሪያ በፌስታል ጠቅልላችሁ አስራችሁ አስገቡ። ላቡ ፌስታሉ ላይ ይቀራል፣ ሌንሱ ይድናል። ቧሂት ተራራ ላይ በረዶ ከወረደ ደግሞ ካሜራው ነጩን አይቶ ይደነግጣል፣ ፎቶውን ያጨልመዋል። ኤክስፖዠሩን (የሚገባውን ብርሃን) አንድ ስቶፕ፣ ማለትም በእጥፍ፣ ከፍ አድርጉት። ጉም ላይም ያው ነው።

ስለ ክብደት ብዙ አልልም። በቅሎ አለ፤ ትራይፖዱንና ምግቡን ትሸከማለች። በጀርባዬ የምይዘው አንድ ካሜራ፣ 24–70 እና 70–200 ሌንስ፣ ውኃ፣ በሶና ቆሎ ነው። ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንሰውን የሌንስ ማጣሪያ) ትቻለሁ፤ በሰፊ ሌንስ ሰማዩን በአንድ በኩል አጥቁሮ በሌላው ያነጣዋል። ሸክሙ ሲመረኝ ቪቶሪዮ ሴላን አስባለሁ። ይህ ጣሊያናዊ 30 በ40 ሴንቲ ሜትር የመስታወት ሳህን እያሸከመ ነበር ተራራ ላይ ፎቶ የሚያነሳው። በ1906 (በፈረንጆቹ) እዚሁ አፍሪካ የሩዌንዞሪ ተራሮችን፣ በ1909 የኬ2 ተራራን አንስቷል። ዛሬም ፎቶዎቹን ያየ ሰው ድንጋዩን መቁጠር ይችላል። ከዚያ በኋላ ስለ ሁለት ኪሎ ሌንስ ማማረር ያሳፍራል።

ስልክ ብቻ ያላችሁ ደግሞ አትቅሩ። ስክሪኑን ሰማዩ ላይ ጫን አድርጋችሁ ያዙና ብርሃኑን ቆልፉት፣ ከዚያ ትንሽ ዝቅ አድርጉት። ሰማዩ አይነጣም። በጣታችሁ ዙም አታድርጉ። ስልክ ከሩቅ ተራራ ይልቅ ለቅርብ ነገር ይበልጣል፤ ጅብራ፣ አመዳይ፣ የበቅሎ ኮርቻ፣ እጅ።

ሰው ስታነሱ ጠይቁ። ይህን ማለት አያስፈልግም ነበር፣ ግን ያስፈልጋል። እረኛው ልጅ ሞዴል አይደለም። እኔ መጀመሪያ ሰላምታ ነው፣ ቁጭ ብሎ ማውራት ነው፣ ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ነው። ከተፈቀደ በኋላ ያነሳሁትን አሳያለሁ። ስካውቱ የራሱን ፎቶ እንዳትምለት ጠይቆኝ ደባርቅ ላለ ሱቅ ልኬለት ነበር። ደርሶታል፤ «ጠመንጃው አልታየም» ብሎ ቅር ብሎታል።

የሚቀጥለው ዕቅዴ ራስ ዳሽንን ዘልሎ ጊጭ ላይ ደጋግሞ ማደር ነው። ነዋሪዎቹ በ2016 (በፈረንጆቹ) ወደ ደባርቅ ከተዛወሩ ወዲህ ሣሩ ብዙ አገግሟል፤ በጥቅምት ብርሃን ማየት እፈልጋለሁ። ከዚያ ባሌ፣ የሳነቴ አምባ። አምባው ላይ እንደ ስሜን ያለ ገደል የለም፣ ቀይ ቀበሮ ግን አለ፣ መኪናም እስከ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ድረስ ይወጣል። ሳነቴን በጥቅምትና በኅዳር ያነሳችሁ ካላችሁ ጠዋት ጉሙ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚገለጥ ንገሩኝ። ያገለገለ 100–400 ሌንስ የሚሸጥ የምታውቁም ካላችሁ እንደዚሁ፤ ዋጋው የሰው ከሆነ።