ኮኑር በልብስ ሰፊ ቤት

ኮኑር የምትባል ትንሽ በቀቀን፣ ሎሚትን፣ የተረከብኩት ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ይኖር ከነበረ ጎረቤት ነው። ከተማውን ለቆ ሲሄድ ከነሽቦ ቤቷ አምጥቶ፣ «አንቺ ቀኑን ሙሉ ቤት ስለምትውዪ ላንቺ ትሆናለች» አለኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ከሲንጀሬ የምነሳው ለምሳና ለቡና ብቻ ነው። ዛሬ ኮኑር ላሳድግ ብሎ የሚያማክረኝን ሰው እኔም አስቀድሜ የምጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ቀን ቤት ማን ይውላል?

ሎሚት ጉንጨ አረንጓዴ ከሚባሉት ኮኑሮች ናት። የዘሯ አገር ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ክብደቷ ከ80 ግራም ብዙም አያልፍም። በዱር በመንጋ የሚኖር ዘር ስለሆነ ብቻውን ሲውል ይጮኻል፣ ሲብስበትም ላባውን ይነጫል። ቢጫና ብርቱካናማው የፀሐይ ኮኑር በመልክ ይበልጣታል፤ ጩኸቱ ግን ጆሮ ይበሳል፤ ግቢ ተጋርቶ ለሚኖር ሰው ፈጽሞ አልመክረውም። የእኔዋም ብትሆን ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ ሳትጣራ አትቀርም። ስትጮኽ ዞሬ አላያትም፤ ስታፏጭ ግን ወዲያው በፉጨት እመልስላታለሁ። ውሎ አድሮ የትኛው እንደሚያዋጣት ገባት።

ጨዋታ ነፍሷ ነው። አንገትጌዬ ሥር ገብታ ትተኛለች፤ መዳፌ ላይ በጀርባዋ ተንጋልላ እግሯን ታወራጫለች። ከሁሉ የምትወደው ቁልፍ ነው። ሸሚዙን ረግጣ ይዛ ክሩን በምንቃሯ አንድ በአንድ ትበጥስና፣ ቁልፉን መሬት ጥላ ሲንከባለል አንገቷን ዘንበል አድርጋ በአንድ ዓይኗ ትከተለዋለች። የደንበኞቼን ልብስ ሳጥን ውስጥ እቆልፋለሁ፤ ለእሷ አሮጌ ሸሚዝ ተመድቦላታል።

ቅናቷም ለብቻው ነው። እህቴ አጠገቤ ስትቀመጥ የአንገቷ ላባ ይቆማል፣ የዓይኗ ብሌን ጠበብ ሰፋ ይላል፣ ጅራቷ ይዘረጋል፤ ቀጥሎ ንክሻ ነው። ይህን ምልክት ሳይ እጄን አልዘረጋም። ብትነክሰኝም አልጮኽም፤ ጩኸቴ ያዝናናታል። ዝም ብዬ መቆሚያዋ ላይ አስቀምጬ ወደ ስፌቴ እመለሳለሁ። እህቴም የሱፍ ፍሬ በእጇ እየሰጠች ታረቀቻት። ሱፍ ስብ ስለሚበዛበት ለሽልማት ብቻ ነው። አዘውትራ የምትበላው ማሽላ፣ ካሮት፣ ፓፓያና ቃሪያ ነው። ቃሪያው የቱንም ያህል ቢያቃጥል ወፍ አይሰማውም! አቮካዶ ግን መርዟ ነው።

የድሬ ቤት የራሱ አደጋ አለው። ጣሪያው ላይ የሚሽከረከረውን ቬንቲሌተር ሳላጠፋ በሯን አልከፍትም። ቀትር ላይ አፏን ከፍታ ክንፏን ከገላዋ ካራቀች ሙቀቱ ከብዷታል ማለት ነው፤ ውሃ እረጭላታለሁ። የወፍ ሳንባ ጭስ አይችልም፤ የማይጣበቅ መጥበሻ ከልክ በላይ ሲግል የሚወጣው ጋዝ ደግሞ በደቂቃዎች ይገድላል። ከሰሉንና ዕጣኑን በረንዳ ሳወጣ እናቴ፣ «ለወፍ ብዬ ከቤቴ ልውጣ?» ብላ አኩርፋ ነበር። አሁን የበረንዳው ነፋስ ተስማምቷት ቡናውን ሌላ ቦታ አታፈላም። ሲጋራና ሺሻ የማይጠፋበት ቤት ግን ኮኑር ባይገባ ይሻላል።

መንገድ ለሚያበዛ ሰው፣ ንክሻ ለማይችል ሕፃን፣ ጸጥታ ለሚወድም አትሆንም። ማታም ከ10 እስከ 12 ሰዓት ያህል የሚቆይ ጨለማና እንቅልፍ ትፈልጋለች። በደንብ ከተያዘች 20 ዓመትና ከዚያም በላይ ልትኖር ትችላለች። የእህቴ ልጅ ኋላ እኔ እረከባታለሁ ብላለች፤ እስከዚያው የሽቦ ቤቷን ማጽዳት የእሷ ሥራ ሆኗል።