ደህና ነኝ እማዬ

ትናንት ማታ እናቴ ከደሴ ደወለች። ጎረቤታችን ወገባቸውን ያማቸዋል፣ ምን ይውሰዱ ትላለች። ገና አንደኛ ዓመት እያለሁ ነው «ዶክተሬ» ማለት የጀመረችው። አሁን ሲ ዋን ነኝ፣ የሕክምና ተማሪ ሆስፒታል ገብቶ መማር የሚጀምርበት ዓመት ማለት ነው፣ በሽተኛ ፊት መቆም ከጀመርኩ ጥቂት ወር ቢሆነኝ ነው። ጤና ጣቢያ ሄደው ይታዩ አልኳት። «አንተስ ደህና ነህ?» ስትለኝ «ደህና ነኝ እማዬ» አልኩ። ውሸቴን ነበር።

ትናንት ጠዋት ራውንድ ላይ፣ በሽተኞችን አልጋ ላልጋ እየዞርን ስናይ፣ ሲኒየሩ የልብ ድካም ምልክቶችን ጠየቀኝ። እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ያነበብኩት ነው። ግን ጭልጥ ብሎ ጠፋብኝ። «እንዲህ ሆነህ ነው ሐኪም የምትሆነው?» አለኝ፣ እዚያው አልጋው ዳር። የተኙት አባት እኔ እንዳላፍር ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ከስድቡ ይልቅ የሳቸው መዞር ነው ቀኑን ሙሉ ሲበላኝ የዋለው።

ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን የሚመነጨው ኩላሊት ላይ ከተቀመጠችው ዕጢ ነው፣ ስንጨነቅ ይጨምራል፣ የምናውቀውን እንኳን እንዳናስታውስ ያደርጋል። ይህን ለፈተና አጥንቼዋለሁ። በራሴ ሲደርስ ግን ስንፍና ነው ብዬ ነው የፈረድኩት።

ሰው የሚያስጨንቀን የንባቡ ብዛት ይመስለዋል። ንባቡ ብዙ ነው፣ አልዋሽም፤ ግን ንባብ ተከፋፍሎም ቢሆን ይገፋል። የከበደኝ ሌላ ነው። ሁላችንም ከየትምህርት ቤታችን አንደኛ እየወጣን የመጣን ልጆች ነን፣ አልገባኝም ማለትን የለመደ የለም፣ ቤተሰብ ደግሞ ሰፈሩን ሁሉ «ልጄ ሐኪም ሊሆን ነው» ብሎ ጨርሷል፣ ስለዚህ አንዱ ለአንዱ ደህና ነኝ እያለ ይከርማል።

ከስልኩ በኋላ መታጠቢያ ቤት ስገባ የዶርሜ ልጅ ሲያስመልሰው አገኘሁት። ከሁላችን የረጋው እሱ ነው ስል የኖርኩት! ፈተና በደረሰ ቁጥር እንዲህ እንደሚያደርገው ነገረኝ። ከኔ በላይ ባለው አልጋ ነው የሚተኛው፣ አንድ ቀን እንኳን አልሰማሁም። እኔም የራውንዱን አወራሁለት። ስለ ስትረስ ብዙ የጻፈው ሃንስ ሴሊዬ ነገሩን ማስተዋል የጀመረው ፕራግ ውስጥ የሕክምና ተማሪ ሳለ ነው፤ በሽታቸው የተለያየ ሰዎች የሚጋሩት አንድ የመታመም መልክ አለ ብሎ። እ.ኤ.አ. በ1936 ጻፈው። ይህን ስነግረው ጓደኛዬ ዝም ብሎ አሰበና «እኛ ዶርም መጥቶ ቢሆን አራታችንንም ይመዘግበን ነበር» አለኝ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። በጠዋት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወረድን። ጀልባዎቹ እየገቡ ነበር፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ ትርፍራፊ እየጠበቁ ተደርድረዋል። እዚያው ቆሜ ለእናቴ ደወልኩና የትናንቱን፣ የራውንዱንም፣ እንቅልፍ ማጣቴንም፣ ሁሉንም ነገርኳት። ዝም አለች። ቆይታ «ቁርስ በልተሃል?» አለችኝ።

«አልበላሁም» አልኳት።