ላንድክሩዘሬን ለወሎ ደጋና ቆላ ሳዘጋጅ የተማርኩት

መኪናዋን ከያዝኳት ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ናት። ሞተሯ ዋን ኤችዜድ ነው፤ 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ናፍጣ፣ ቱርቦ የሌለው። የምኖረው ደሴ ነው። እረፍት ሳገኝ ከአስፋልት ወጥቼ ደላንታን፣ አምባሰልን፣ ከባቲ በታች ያለውን ቆላ መዞር እወዳለሁ። ምን እንደገጠምኩላት፣ የቱ እንደረዳኝ፣ የቱን መልሼ እንዳወረድኩ ልንገራችሁ። አዲስ የምትጀምሩ ካላችሁ ብር ከማውጣታችሁ በፊት አንብቡት።

መጀመሪያ ያሠራሁት ፖርቶመጋላ፣ ጣሪያ ላይ የሚገጠም የዕቃ መጫኛ፣ ነው። ሁለት ጀሪካን ውኃ፣ ሁለት ጀሪካን ናፍጣ፣ ስኮርት ጎማ፣ ድንኳን፣ አካፋ፣ ዶማ፣ ሁሉንም ላይ ጫንኩ። እስቲ ደምሩት። 20 ሊትር ውኃ 20 ኪሎ ነው። በዚያው ጀሪካን ናፍጣ 17 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ጎማውና ብረቱ ሲጨመር ከመቶ ኪሎ በላይ ጣሪያ ላይ ተቀመጠ።

ጉዳቱን ያየሁት ሐረጎን ስወርድ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ በዚያች ርቀት ግን ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳላችሁ። በየኩርባው መኪናዋ ትጋደማለች፣ ቶሎም ቀና አትልም። በሳምንቱ አምባሰል ውስጥ ወደ ጎን ባዘነበለ መንገድ ስናልፍ በላይ በኩል ያለው ጎማ ሲቀልል ተሰማኝ። ወንድሜ ወርዶ በእግሩ ሄደ። እኔም ልቤ ተንጠልጥሎ በሎው ማርሽ፣ በዝግታ በሚጎትተው፣ ቀስ ብዬ አለፍኩ።

አሁን ውኃውም ናፍጣውም ከፊት ወንበር ጀርባ፣ ወለሉ ላይ፣ በጠፍር ታስሮ ነው የሚጓዘው። ጣሪያው ላይ የቀሩት ድንኳንና ስትያዝ ከጎማ ሥር የማነጥፋቸው ሁለት የብረት ሰሌዳዎች ብቻ ናቸው። ክብደት ለኛ አገር የባሰ ጠላት ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትር ከፍታ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ገና ከቤት ሳትወጡ ሩብ የሚሆነው ጉልበት የለም ማለት ነው።

ወደ ጎማ ልምጣ። ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ እሱ ነው። መኪናዋ የመጣችው በ7.50 አር 16 ጎማ፣ በሚፈታ ቸርኬ፣ ከነካላማዳሪያው (አየር የሚይዘው የውስጥ ጎማ) ነበር። አሸዋ ላይ አየር መቀነስ እንደሚረዳ ሰምቻለሁ። ጎማው ሲለሰልስ መሬት የሚነካው ክፍል ይረዝማል፤ መኪናዋ ከመቆፈር ይልቅ ትንሳፈፋለች። ከባቲ ወርደን በሚሌ አቅጣጫ አንድ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ስንገባ የጎማውን ግፊት ወደ 18 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) አወረድኩት። እውነትም ወጣች። ትንሽ እንደሄድን ግን የኋላው ጎማ ቱፍ አለ። አየሩ ሲያንስ ጎማው ቸርኬው ላይ ዞሮ፣ ካላማዳሪያውን ጎትቶ፣ የአየር መግቢያውን ከሥሩ ቆርጦታል። በዚያ ፀሐይ ጎማ መቀየር እንዴት እንደሆነ የቆላ መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ኮምቦልቻ ያገኘሁት ጎሚስታ ካላማዳሪያውን ዘርግቶ አሳየኝ። «ካላማዳሪያ ያለው ጎማ ይሄን ያህል ዝቅ አይደረግም» አለኝ። ሰውየው ብዙ አስተማረኝ።

ከዚያ በኋላ ካላማዳሪያ የማይፈልግ 265/70 አር 16 ጎማ ከነቸርኬው ገዛሁ። ለዚህ ያወጣሁት ብር አይቆጨኝም። አስፋልት ላይ 36፣ ኮረኮንች ላይ 28፣ አሸዋ ላይ 18 አደርገዋለሁ። አየር ስቀንስ ፍጥነቴንም እቀንሳለሁ፣ መሪም በኃይል አላዞርም፤ ጎማው ከቸርኬው ሊወጣ ይችላላ። ከባትሪ ጋር የሚያያዝ ትንሽ ኮምፕሬሰር ይዣለሁ፤ አስፋልት ሳልደርስ መልሼ እነፋለሁ። ደግሞ ግፊቱን የምለካው ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። ደሴ በብርድ የለካችሁት ቆላ ስትደርሱ ከፍ ብሎ ታገኙታላችሁ። ሙቀቱ ነው፤ በዚያ ምክንያት አታስተንፍሱት።

አሁን ደላንታ። መስከረም መጀመሪያ ላይ ነበር፣ መሬቱ ገና አልጠነከረም። የደላንታን ዋልካ የማታውቁ፣ ጥቁር አፈር ነው፤ ሲረጥብ ጎማ ላይ ተለጥፎ ጥርሱን ይሞላዋል። አዲስ ጎማ እንደ ላጨ ጎማ ይሆናል። ከመንገድ ትንሽ ወጣ ብዬ ለመዞር ስል ሁለቱ የኋላ ጎማዎች እስከ ዲፍራንሲያሉ፣ በጎማዎቹ መሐል እስካለው የማርሽ ቋት፣ ሰጠሙ።

ያኔ ፊት ለፊት ዊንች፣ መኪናዋን በብረት ገመድ (ካቦ) ስቦ የሚያወጣ ማሽን፣ ነበራት። ብዙ ብር ያወጣሁበት። ካቦውን ፈትቼ ዙሪያውን ሳይ የማስርበት ዛፍ የለም። ሜዳው ሁሉ ማሳ ነው። ስለዚህ ከጎማው ሥር የማነጥፈው ድንጋይ ፍለጋ ሄድኩ። ዳገቷ ሥር ተካቦ ያለ ድንጋይ አገኘሁና ማንሳት ጀመርኩ። ሦስተኛውን ሳነሳ አንድ አባት በትራቸውን ይዘው መጡ። አልተቆጡም። «ልጄ፣ እሱ እኮ እርከን ነው። እሱን ካነሳኸው አፈራችን ይሄዳል» አሉኝ። ደነገጥኩ። ይቅርታ ጠይቄ ድንጋዮቹን እንደነበሩ መለስኩ። እሳቸው ግን «አብሽር፣ ትወጣለች» ብለው ልጆቻቸውን ጠሩ። ከወንዙ ዳር በሸክም ድንጋይ አመጡልን። ሁለት ሰዓት ፈጀ። ቤታቸው አስገብተው ቡናውን ከአቦል እስከ በረካ አጠጡን።

ያን ቀን ነው የመኪና ዝግጅት ምን እንደሆነ የገባኝ። የምጓዘው ሰው በሚያርሰው መሬት ላይ ነው። መውጫዬን ራሴ ይዤ መሄድ አለብኝ።

ዊንቹን አወረድኩት። የፊቱን ሞላ ተጭኖት ነበር፤ አሁን ቀና ብላለች። በምትኩ ደሴ ያለ በያጅ ከወፍራም ላሜራ ቀዳዳ ያላቸው ሁለት ሰሌዳዎች ሠራልኝ፤ 1 ሜትር ከ20 ይረዝማሉ። ክሪኩ ጭቃ ውስጥ እንዳይሰምጥ ከሥሩ የማነጥፈው ወፍራም ጣውላም አለኝ። እጀታው ረጅም የሆነ አካፋ ጨምሩበት። አጭሩ ከመኪና ሥር አይደርስም። ዊንች ያላችሁ ደግሞ ዛፍ በሌለበት ስኮርት ጎማችሁን መቅበር ትችላላችሁ። ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ፣ ካቦውን በመሐሉ አስራችሁ፣ ጎማውን አቁማችሁ አፈር ትመልሱበታላችሁ። ጉድጓዱን ደፍኖ መሄድ ግን የግድ ነው።

አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፍ፣ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በዚሁ በደላንታ አሳልፈው፣ በሽሎን አሻግረው ነው። ከደብረ ታቦር የተነሡት ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነበር። ያን አፈር ከረገጥኩ ወዲህ ለምን እንደሆነ በደንብ ይገባኛል።

ስለ መጎተት አንድ ነገር አደራ። እኛ አገር መኪና ሲያዝ ሰው ይሰበሰባል፣ ልጆች ገመዱ አጠገብ ይቆማሉ። የተወጠረ ካቦ ቢበጠስ ሰው ይገድላል። ካቦው መሐል ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርጉበት፤ ቢበጠስ ውርወራውን ያበርደዋል። ሰው ከገመዱ ርዝመት በላይ ይራቅ። እኔ መጀመሪያ የማደርገው ከተሰበሰበው ሰው መሐል አንድ ትልቅ ሰው ለይቼ «አባቴ፣ ልጆቹን ያርቁልኝ» ማለት ነው። የእሳቸውን ቃል ይሰማሉ፤ የኔን አይሰሙም። ገመዱንም የካራቫን መጎተቻ ኳስ ላይ በፍጹም አታስሩ፤ ተነቅሎ እንደ ጥይት ይወረወራል። ሻንሲው ላይ በቡሎን የታሰረ ጠንካራ መንጠቆ ይኑራችሁ።

ስኖርክል፣ ለሞተሩ አየር ከጣሪያ ከፍታ የሚስብ ቱቦ፣ አስገጥሜያለሁ። ወንዝ ለመሻገር ብቻ አይምሰላችሁ፤ በቆላው አቧራ ከላይ ንጹሕ አየር ስለምትስብ የአየር ፊልትሮዬ ይቆይልኛል። ወንዝን በተመለከተ ግን ዕቃ አያድንም። ቆቦ አካባቢ እንደ ጎሊና ያሉ ወንዞች ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ከተራራው ደራሽ ይመጣል። ወደ ደጋው ጠቁሮ ካየሁ እቆማለሁ። እስኪጎድል ግማሽ ቀንም ቢሆን እጠብቃለሁ።

የቀረኝ የዲፍራንሲያሉ መተንፈሻ ነው። የጋለ ዲፍራንሲያል ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ በመተንፈሻው ውኃ ይስባል፤ ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቶ ታገኙታላችሁ። ባለፈው እንደዚያ ሆኖብኝ ዘይቱን ሁሉ ቀየርኩ። ቀጭን የናፍጣ ቱቦ ገዝቼ ሁለቱንም መተንፈሻ እስከ ኮፈኑ ውስጥ ላወጣቸው አስቤያለሁ። ጥቅምት ላይ ወደ ቦረና ሳይንት፣ ወደ ደንቆሮ ጫካ ከመሄዴ በፊት መጨረስ እፈልጋለሁ። የሠራችሁት ካላችሁ የኋለኛውን በየት በኩል እንዳሳለፋችሁትና ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) እንዳያቀልጠው በምን እንዳሰራችሁት ንገሩኝ።